አንድ መስኮት

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጣቴ ቀለም ለምዶ፣
ሂርማታ አጠገብ፣ ከብረት ሱቁ ማዶ፣
የሰውን ጭነት ድንበር አሻግራለሁ፤
እኔ ግን ከጅማ የት ወጥቼ አውቃለሁ?
ትራንዚተር ነኝ እኔ፣ እንጀራዬ ማኅተም፣
መሳቢያዬ ሙሉ የሦስት አገር ፎርም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሸምሲያ መጣች፣
ቦርሳዋን እንደ ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ጣለች።
ጫማዋ ጭቃ ነው። አልተቀመጠችም።
ሰላምታ ብጀምር አላስጨረሰችም።

«አርባ በርሜል የጌራ ማር፣ ሦስት መቶ በርጩማ፣
ይኸው ወር አለፈው ከወጣ ከጅማ።
የገተማ አበባ ማሩ ነጭ ነውና
ከሞያሌ ወዲያ አንዱ ቀመሰና
‹ስኳር ነው ይሄ› አለ፣ ሌላ ታሪፍ ጣለ፤
ላቦራቶሪው ‹ማር ነው› ብሎ እስኪምልልኝ
የመኪናው ኪራይ ትርፌን ሲበላ ዋለ።

ቡሲያ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ፦
‹የቤት ዕቃ ነው ይሄ፣ ወይስ የእጅ ሥራ?
በየትኛው ቁጥር፣ በማን ፈቃድ መጣ?›
ሁለት በርጩማ ለናሙና ብለው ወሰዱ።
በነጋታው ሾፌሬ ጉዳይ ሊያስፈጽም ቢገባ
ኃላፊው ተደላድሎ ተቀምጦበታል።
ተቀምጦበት ነው፣ በእኔው ዕቃ ላይ፣
‹ቆመህ ጠብቅ› ያለው።»

ሳቄ መጣ። ዋጥኩት።

ቅዳሜ ለታ ነው፣ በከተማው አዳራሽ፣
ከአዲስ አበባ የመጣው ሰውዬ
ግድግዳው ላይ ቀስት በቀስት አድርጎ ያሳየን፦
ከፊት አንድ መስኮት፣ ብዙ አገር ከኋላው።
ምን ጠየቀ ነጋዴ? ሰማይ አልጠየቀም፤
ከቀረጥ ልሽሽ ብሎ ማንም አልተሟገተም።
አንዴ እዚህ ተመዝኖ፣ አንዴ እዚህ ተከፍሎ፣
በአንድ ቁጥር ታሽጎ፣ በአንድ ዋስትና ውሎ፣
ኬላ ላይ ሲደርስ ‹ሰላም ዋሉ› ብሎ
እንዲያልፍ ነው ዕቃው። ማሩም እንዲሁ ማር
እንደተባለ እንዲዘልቅ፣
ድንበር በተሻገረ ቁጥር ስሙ እንዳይቀየር።

ከኋላ ወንበር ላይ ተማም አናጺው ቆመ፣
ፍቅፋቂ ከሸሚዙ ማራገፍ አስቀደመ፦
«በርጩማ ሦስት እግር አለው፤
ለየብቻ ተጠርቦ በሙጫ አይገጠምም፣
ከአንድ ግንድ ካልወጣ ሰው አይሸከምም።
የእናንተስ መስኮት ከአንድ ግንድ ነው ወይ፣
ወይስ የሦስቱን ቢሮ ሙጫ ቀብታችሁት?»

መልሱ ሳይመጣ መብራት ሄደ።
ቀስቱም መስኮቱም ከግድግዳው ጠፋ።
አዳራሹ ሳቀ። ሰውዬውም ሳቀ፣
በስልኩ መብራት ወረቀቱን እየፈለገ።

«እና ይሆናል ትላለህ?» አለች ሸምሲያ፣
አሁን ተቀምጣ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።
«ይሆናል» አልኳት።
ያልነገርኳት ሌላ ነው፦
ሞያሌ የታሰረው ማር እኔ ቤት ነው ጠብ የሚል፤
የልጄን የቤተልን የትምህርት ቤት ክፍያ
ያ የዘገየ በርሜል ነው ስንት ዓመት የሚከፍል።
መንገዱ ሲቃና
ጠማማው ላይ ቤቱን የሠራ ሰው ወዴት ይሄዳል?
ይሄን ለማን ይሏል። ለእሷ አይባልም።

ማታ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ።
ፎርሟ ሰባት ገጽ ነው፤ ስድስቱ ያንኑ ይጠይቃል፦
ስም። ክብደት። ከየት። ወዴት።
ስድስት ጊዜ ጅማ ብዬ ጻፍኩ።
ስድስት ጊዜ ማር።
ስድስተኛው ላይ እጄ ዛለና
ማሩ ‹ሞር› መሰለ፤ ሰርዤ ደገምኩት፣
ለእሱም ስርዝ ፊርማ አለው።

የማኅተሙ ቀለም ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነው።
ወትሮ ስወጣ፣ እንዳይደርቅ፣ እከድነዋለሁ።
ዛሬ ክዳኑን ይዤ ቆየሁ።
ከታች ባለሱቁ ብረት መዝጊያውን ሲያወርድ ሰማሁ፤
ክዳኑ አሁንም እጄ ላይ ነው።