ሁለት መቶ ወንበር

የባህል ቢሮው ልጅ በሞተር መጣና
«ለቅዳሜ ማታ፣ ሁለት መቶ ወንበር» አለ በትሕትና፤
«ሦስት ባንድ ይጫወታል፣ የላቲን ቅልቅል፣ አንዱ ከባሕር ማዶ የመጣ፤
ሐይቁ ዳር ነው፣ በነጻ ነው፣ ማንም ቢገባ ማንም ቢወጣ።»

የእድራችን ዳኛ አቶ ሀሜሶ መነጽሩን ወለወለና
ማስታወቂያውን አነበበ፣ እንደ ውል፣ ፊደል በፊደል፣ እንደገና።
«መግቢያው በነጻ ይላል» አለኝ፤ «መውጫውስ?»
ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። «ወንበሩ ቢሰበርስ?»

ንብረት ያዥ እኔ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ቁልፉ ከኪሴ፣
ድስት ቢጎድል፣ ብርጭቆ ቢነቃ፣ ዕዳው ከራሴ።
ወንበሮቹ ነጭ ነበሩ፤ ዛሬ ወተት የበዛበት ሻይ መስለዋል፤
ጀርባቸው ላይ የእድራችን ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል።
የሚያውቁት ነገር ቢኖር ሦስት ቀን መቀመጥ፣
ንፍሮ፣ ካርታ፣ ዝምታ፣ መሬት ላይ ማፍጠጥ።
ጋሪ ላይ ስጭናቸው ይቅርታ ጠየቅኋቸው በሆዴ፤
«ለቅሶ አይደለም ዛሬ፤ እንግዲህ ቻሉት፣ ለአንዴ።»

ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ስታዘቀዝቅ አባ ኮዳዎች መጡ፣
ራሰ በራ ሽማግሌ መስለው፣ ካፖርት ደርበው፣ ከፊት ረድፍ ቦታ መረጡ።
የዓሣው መጥበሻ ይንጫጫል፤ ባጃጅ ለባጃጅ ይጣራል፤
የኛዎቹ ልጆች ጀመሩ፤ ጊታራቸው ገና ያፍራል።

ከዚያ እንግዶቹ ወጡ። አንዷ ቅል ትነቀንቃለች፣ ሆዱ ዘር ይሁን ጠጠር፤
አንዱ ረጅም ከበሮ ይዳብሳል፣ ዱላ የለው፣ ከመዳፉ በቀር፤
ትራምፔት የያዘው ጉንጩ ተነፍቷል፣ ጥርሱን እንዳመመው ሰው፤
አንዲት ቃል አላቸው፣ እሷኑ ይላሉ፣ ደጋግመው ደጋግመው፦
«ኮራሶን»። ከጎኔ የቆመው ባለባጃጅ፣ ዳንጊሶ፣ ተረጎመው፦
«ኮራ ሰው! ነው የሚሉት፤ ሰው ኮራ ማለት ነው፣ አድምጠው።»
ያረመው የለም። እኔም እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው የማውቀው።

ሕዝቡ ግን ተቀምጧል፣ ጉንጩን በመዳፉ ይዞ፤
ወንበሩ አስለምዶት እንደሆነ እንጃ፣ አቀርቅሮ፣ ተክዞ።
አንዱማ ከኋላ «ነፍስ ይማር» ሊል ምንም አልቀረው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ።
ማይኩ ሞተ። ጄነሬተሩ ሁለቴ አስነጠሰና ካደ።
ትራምፔቱ ብቻውን ትንሽ ሄዶ፣ ፈራና ተመለሰ፤
ያ ባለ ከበሮ ግን (መዳፍ ቆጣሪ የለው)
ከመድረኩ ወርዶ፣ በወንበሮቹ መካከል፣ ወደኛ ገሰገሰ።
ሦስት ይመታል፣ ያርፋል።
ሁለት ይመታል፣ ያርፋል።

እትዬ ዳመነች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት፣ ጥቁሯን ገና ያላወለቀች፤
ጋሽ ላታሞን ከቀበርን ሁለት ወሩ፣ ያን ጊዜም እነዚሁ ወንበሮች ላይ ነበረች።
ከፊቷ ያለውን የወንበር ጀርባ በመዳፏ ነካ አደረገች፤
ሦስት። ሁለት። ቀስ ብላ። ከዚያ ጠንከር አድርጋ መታች።
ያኔ ገባኝ፦ ደረት የመታ እጅ
ምት አይስትም፣ ዜማው የሩቅ አገር ቢሆን፣ የማያውቀው ደጅ።

ቀጥሎ ያለው መታ፣ ከዚያም ረድፉ፣ ከዚያ ሁሉም፤
ሁለት መቶ የፕላስቲክ ጀርባ በጨለማ ሲደለቅ፣ እንዲህ ያለ ጉድ ሰምቼ አላውቅም።
«ንብረት ነው! ቀስ!» እያልሁ ሮጥሁ ከዳር ዳር፤
ድምፄም ከዳኝ፤ ምቱን ጠብቆ ይጮህ ነበር።

እኩለ ሌሊት በስልክ መብራት ቆጠርሁ። መቶ ዘጠና ዘጠኝ።
እንደገና። መቶ ዘጠና ዘጠኝ።
አንዱ ውኃው ዳር ተገኘ፣ እግሩ ሐይቁ ውስጥ፣ ፊቱን ወደ ጨለማው አዙሮ፤
ማን ተቀምጦበት እንደነበር አልጠየቅሁም፤ ተሸከምሁት፣ ውኃው በማጅራቴ ተንቆርቁሮ።

ሦስት ተሰንጥቀዋል። መዝገቡ ላይ «ምክንያት» ከሚለው ሥር
«መውጫ» ብዬ ጻፍሁ። አቶ ሀሜሶ አየው፤ ፈረመ፣ ሳይናገር አንድ ነገር።

ሰኞ ለቅሶ ነበር፣ አቶቴ በኩል። ወንበሮቹ ሄዱ፣ እንደ ሥራቸው።
ከተሰነጠቁት ባንዱ ላይ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ተቀምጦ፣
እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ስንጥቁን በጣቱ ሲነካ አየሁት፣ መሬት ላይ አፍጥጦ፤
ሦስት ጊዜ፣
ትንሽ ቆይቶ
ሁለት።