የድንቹ ምች

ሞተር ቢሆን ኖሮ በድምፁ አውቀዋለሁ፤
የትኛው ቫልቭ እንደላላ ዓይኔን ጨፍኜ እነግራለሁ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ጀልባ ሆድ ውስጥ ተኝቼ፣
በናፍጣ ጠቁሬ፣ በግራሶ ወዝቼ፣
ስንቱን የደከመ ብረት አድምጬ አስነሥቼ!
ቅጠል ግን ዝም ይላል።

ሽምብጥ ከጓሮዬ፣ በዘጠኝ ማዳበሪያ፣
ድንች ተክያለሁ ለጡረታ መዋያ።
መስከረም አማረበት።
ጥቅምት ሲገባ ግን ዳር ዳሩ ተያዘ፤
ነጠብጣቡ ሰኞ ቁንጫ አከለ፣
ሐሙስ ሳንቲም አከለ፣
ቅዳሜ አገዳው ራሱ አንገቱን ደፍቶ ፈዘዘ።

ባንቻየሁ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ዘለቀች፤
«ምን ያጠያይቃል? ምች ነው የመታው» አለች።
ዳማከሴ ቀጥፋ፣ በመዳፏ አሽታ፣
አንደኛውን ተክል ከላይ እስከ ታች ቀብታ፣
የተረፈውን ለእኔ አሸተተችኝ፣ «ገርጥተሃል» ብላ ተቆጥታ።

እኔ ግን መካኒክ ነኝ፤ ሳልፈታ አላምንም።
ረሃብ ነው ብዬ ነበር፤ ረሃብ ከታች ነው የሚነሣ፣
አሮጌውን ቅጠል ቢጫ አድርጎ የሚያከሳ፤
ይኼ ግን ጠቁሯል።
አገዳ ቆርጬ በብርጭቆ ውሃ አቆምኩ፤
ነጭ ክር ከወረደው አፈሩም አይድንም ሲሉ ሰምቼ፣
መንጠቆ እንደጣለ ሰው አንድ ሰዓት ጠበቅኩ።
ውሃው ጠርቶ ቀረ።

በማግስቱ ማለዳ፣ ጭጋግ ከታና ተነሥቶ
የጎረቤት ቆርቆሮ ሳይታይ፣
ልየው መጣ፣ የግብርናው ልጅ፣
ሞተር ሳይክሉን ከአጥሩ አስጠግቶ።
(ጆሮዬ ሰምቷል፤ ካርቡራተሩ ቆሽሿል።)
ድንቹን ዞረ፣ ዞረና፣
«ጋሼ እንዳላማው፣ ገልብጠው አይተውታል?»

አልገለበጥኩትም።
ስንት ሞተር ገልብጬ፣ ስንት ጀልባ ገልብጬ፣
አንድ ቅጠል ሳልገለብጥ ሳምንት ሙሉ ተቀምጬ!
ገለበጠው።
ከጥቁሩ ዙሪያ፣ በሆዱ በኩል፣ ነጭ ሻጋታ፣
መስተዋት ላይ እንዳረፈ እስትንፋስ፣ ስስ፣ የማታ።

«ምች ነው» ሲል ሳቅኩበት።
«ስሙ ነው አንድ» አለ፣ «የሰው ምች ከፀሐይ፣
የድንች ምች ግን ከጤዛ፣ ውሃ ሲያድር ቅጠል ላይ።
ማታ ማታ ያጠጣሉ? በጎማ? ከላይ?»

የጀልባ ወለል ያጠበ እጅ ማረፍ መች ያውቃል?
በየምሽቱ አጥበዋለሁ፤ እርጥብ ቅጠል ያብረቀርቃል፤
ደስ ይለኝ ነበር።
በጥቅምት አንድ አጥንት በሚባልበት ብርድ
እርጥብ ልብስ አልብሼ ውጭ አሳደርኩት።
ለካ ምቹ እኔ ነኝ።

ከዚያማ ሥራ ነው። ፀሐይ ጠንክራ ጤዛው ሲደርቅ
መቀሱን በአረቄ እየወለወልኩ የታመመውን ቆረጥኩ፤
ፍግ ጉድጓድ አይግባ፣ ሐይቁም ላይ አይጣል ብሎ አስምሎኝ፣
ርቄ ቆፍሬ ቀበርኩ።
ማዳበሪያዎቹን አራራቅኩ ነፋስ በመሃል እንዲያልፍ፤
ውሃ በጠዋት፣ በጣሳ፣ ከእግሩ ሥር፣ ቅጠል ሳይነካ፤
መድኃኒቱን አፍና አፍንጫዬን አስሬ ረጨሁ፣
ልክ ልየው በክዳን እንደለካ።

አራቱ አልዳኑም።
አናታቸውን አጨድኩ። «ሁለት ሳምንት አይቆፍሩ፣
ልጣጩ ይጠንክር» አለኝ።
ሁለት ሳምንት ባዶ አፈር ጠበቅኩ፣ ሕልሜም ሆነ አፈሩ።
ኅዳር ላይ ወጣ፣ አንድ ቅርጫት ከግማሽ፤
ገሚሱ እንቁላል ያህል፣ ገሚሱ ከዚያም ያነሰ፣
ጥቂቱ ከልጣጩ ሥር ቡኒ።

ባንቻየሁ የቀባችው ከዳኑት መሃል ነው።
«አላልኩህም?» አለች።
አልተከራከርኩም። ሰሃን ሙሉ ሰጠኋት።

ዛሬም ጭጋግ ነው። ከባዶው ማዳበሪያ
ያልተከልኩት ቡቃያ ወጥቷል፤
ሁለት ቅጠል።
ጎንበስ አልኩ፤
ጣቴን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ
ገለበጥኩት።