አፉ የታሰረ

ድምፅ የለውም አለኝ፣ ማለ በማርያም፤
ሻጩ ሰውዬ ግን ደንገል ውስጥ አድሮ አያውቅም።

ድምፅማ አለው።
ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ የተሰካው ቱቦ
ነጎድጓዱን ብቻ ያስቀራል ሰብስቦ።
ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ጥይትም እንደ ቃል
እንደ ቡሄ ጅራፍ አየሩን ይሰነጥቃል።
ጣና ወሬ አያድርበትም፤ የሮቢትን ሹክሹክታ
ለዘጌ ያቀብላል፣ ሳይውል ሳያድር፣ ባንድ አፍታ።
የሚጠፋው ነገር፣ ከየት እንደ መጣ፤
ይብራው ብድግ ብሎ፣ መሸሻውን ሲያጣ፣
ክንፉን እያርገበገበ ወደ እኔው ይመጣል።

አንድ ክንድ ረዝሟል፤ ስዞር ደንገል ይዞት
አፍንጫው ይደፋል፣ ክብደቱ አጎብጦት።
ጭሱ ወደ ኋላ፣ ዓይን ይለበልባል፤
ደጋግሞ ከተኮሱት እንደ ማረሻ ይግላል፣
ከወናፍ አፍ እንደ ወጣ።
ጋቢዬን ጠብሶት፣ ሚስቴ ልትጥፍ ስታወጣ
"ሲጋራ ጀመርክ ወይ?" ብላ ስትቆጣ
ዝም አልኩ።
ከእሱ ጋራ ውዬ ዝም ማለት ተምሬ መጣሁ።

አባቴ ፈንቴ ግን የምንሽር ሰው ነበር፤
ሲተኩስ ይበረግጋል በሬ ከነቀንበር፣
ሕፃን ጡት ይለቃል፣ ጎረቤት ይወጣል፣
ሳይታይ የጣለው "ፈንቴ ጣለ!" ይባላል።
የግራ ጆሮውን ያው ምንሽር በላው፤
ዛሬም ሲያናግሩት ቀኙን ነው የሚሰጠው።
የኔን ቱቦ ዳስሶ፣ ራሱን ነቀነቀ፤
"እያበራየ አፉን የታሰረ በሬ" አለና ሳቀ።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ በእትዬ አንጓች በቆሎ
አምስት ከርከሮ ገባ፣ ጭራውን ሰቅሎ፤
እናት ከነአራት ልጇ። ሴትዮዋ ቆርቆሮ
እየመታች ስታድር ከረመች ዘንድሮ።
ደንገሉን በክርኔ ገፋሁ።
ግማሹን ትንፋሽ ያዝኩ።
ተኮስኩ።

በፊት ጉልበቷ ወረደች።
የሳትኩ መሰለኝ፤
ከርከሮ ሲበላም ይንበረከካልና።
ልጆቿም እንደዚያው መሰላቸው።
አልሸሹም።
ሽሹ የሚል ድምፅ ከየትም አልመጣማ።
አንዱ ጎኗን ተጠግቶ ቆመ፣
ሌላው የጀመረውን አገዳ ቀጠለ።
ምንሽር ቢሆን ኖሮ
ገና ሲጮህ ደንገሉ ውጧቸው ነበር።

ጆሮዬ ደህና ነው። አልጮኸብኝም፣ አልደነዘዘም።
ደህና በመሆኑ ሁሉን ሰማ፤
ትንፋሿ ሲወጣ፣
ሲመለስ፣
ሲወጣ፣ ሲቆይ፣
አፏ ውስጥ የቀረው የበቆሎ ፍሬ
ጥርሷ መሐል ሲሰበር።
አባቴ በዚያ ሁሉ ዘመን ይህን አልሰማም፤
በተኮሰ ቁጥር ጆሮው ይጮኽበት ነበር፤
ጩኸቱ እስኪለቀው
የጣለው አውሬ ነገሩን ጨርሶ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛዋን ጥይት አወጣኋት፤
ኪሴ ከተትኳት፤ ቀዝቃዛ ነበረች።
ቱቦው ግን ገና ሞቃት ነው።

ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀኝ ጆሮውን ሰጠኝ።
"ተኮስክ ወይ?"
አንድ ጣት አሳየሁት።
"አልሰማሁም።"
"ማንም አልሰማም" አልኩት።
"ልጆቿስ?"
"እዚያው ናቸው።"
እልል ያለ የለም፣ የፎከረም የለም፤
ለዝምታ ፉከራ ከየት ይገጠማል?
ቆየና "ቢሆንም" አለ፣ "ይሄኛው ጆሮ አይበላም።"
"አይበላም" አልኩት፤
ሌላውን አልነገርኩትም፤
ብነግረውስ በየትኛው ጆሮው ይሰማኛል።

ከሰዓት እትዬ አንጓች ስምንት እሸት ላከች፣
ከነጢሙ፣ በነጠላ ጠቅልላ፣
"እጅህ ይባረክ" ከሚል መልእክት ጋራ።
ሚስቴ ጠብሳ ሰጠችኝ።
አንድ ረድፍ ቆረጠምኩ።

ድምፅ አለው።