ቀርከሃ

ጎህ ገና ሳይቀድ፣ በዝናብ ከተማ፣
የመርከብ ጥሩምባ ከጭጋግ ሲሰማ፣
እኔና አከርካሪዬ ቀድመን እንነቃለን፤
አልጋው ጠርዝ ላይ ሆነን እንደራደራለን።
«ተነሽ» እላታለሁ። ዝም ትለኛለች፤
ሌሊቱን እንደ ሳንቃ ደርቃ አድራለች።
በጎኔ ልክ እንደ በርሜል ተንከባልዬ፣
ክርኔን ተመርኩዤ፣ ትንፋሼን ጥዬ፣
ቆምኩ።
ይኼ አንድ ድል ነው።
ሁለተኛው ካልሲ ነው፤ እሱን ግን አልቆጥርም፤
በካልሲ የተሸነፈ ለሰው አይናገርም።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ኪሉንግ ወደብ ላይ፣
ከክሬን ጎጆዬ ቁልቁል ቁልቁል ሳይ፣
አንገት አቀርቅሬ ሣጥን ሳወርድ ኖርኩ፤
የሰው ጎማ፣ የሰው ሙዝ፣ የሰው ፍሪጅ ቆጠርኩ፤
የራሴን ጀርባ ግን መቁጠሩን ረሳሁ።

ሐኪሟ ፎቶውን ከመብራት ለጠፈች፣
በብዕሯ ጫፍም ነጭ ግንድ አሳየች፤
«ይኸው፣ አቶ ሊያው፣ አንጓው ተጋጥሟል፤
ቀርከሃ እንለዋለን። አይድንም፤ ይያዛል።»
መርፌው ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ከእንቁላሉ ጎን ተኝቷል፤
በየሁለት ሳምንቱ ሆዴን ይጎበኛል።

ቀርከሃ!
ከት ብዬ ሳቅኩኝ፣ ጎድኔ እስኪያመኝ፤
ቅርጫት ሠሪ አባት ነበረ የወለደኝ።
ከሰል ላይ እያሞቀ፣ እያሸ በመዳፉ፣
ደረቁን ቀርከሃ ሲያጎነብስ ከነጫፉ፣
«ስትቸኩል ይሰበራል፤ ስታባብል ይሰማል»
ይል ነበር። ልጅ ነበርኩ። ልጅ ምን ይገባዋል?

የዓሣ ገበያው ሲበተን፣ በረዶው ሲጠረግ፣
ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ ከማያፈሰው ጥግ፣
ዘጠኝ ሰዎች አለን፤
ጡረተኛ ፖስተኛ፣ ሚስቱ የሞተችበት ፀጉር አስተካካይ፣
ሁለት እህትማማቾች፣ ጎን ለጎን ቆመው አንዷ አንዷን የማታይ።
ፊት የምትቆመው አክስት ዩ-ቺን ናት፤
አርባ ዓመት ዓሣ ስትከትፍ ኖራለች፣ ዛሬም ሽታው እጇ ላይ አለባት።
ግን አየሩን ስትዳስስ፣ ያ ቢላ የያዘ እጅ፣
የተኛ ሕፃን ላይ ብርድ ልብስ ሲያለብስ ነው እንጂ
ዓሣ የገደለ አይመስልም።

«ከአቅምህ ጥቂት አስተርፍ» ትለኛለች፤ «ለመመለሻ።
የዛሬን ሁሉ ዛሬ ከጨረስክ፣ የለህም ለነገ መነሻ።»

ደመና እንገፋለን። ዝንጀሮ እናባርራለን።
«ወገብ ይዙር!» ስትል፣ ስምንቱ እንደ ውኃ ሲዞሩ፣
እኔ እንደ ቁምሳጥን፤ ከነመሳቢያው፣ ከነእግሩ።
ማንም አይስቅም። እኔ ራሴ ነኝ የምስቀው።
ከዚያ አራተኛው ዙር ላይ፣ አንድ ነገር፣ ስሙን የማላውቀው፣
ከታችኛው አንጓ ትንሽ ሙቀት ይነሳል።
የአባቴ ከሰል ይሆን? እንጃ። ይመጣል፤ ይረሳል።
አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይመጣም።
ትናንት አልመጣም።
ትናንት ግድግዳ ተደግፌ አየኋቸው። አላፈርኩም።
ውሸቴን ነው። አፍሬያለሁ።

«ቀና በል» ይለኛል አገር ምድሩ ሁሉ፤
እነዚያው ሰዎች ናቸው «ቀና ሰው ነው» የሚሉ።
ወደቡ ላይ ጭልፊት ያንዣብባል አሉ፤
ያየ ሁሉ አንጋጦ ጣቱን ይቀስራል፤
የኔ ዓይን ግን ከመርከቡ ወለል ይቀራል።

ዛሬ፣
ሽመላዋ ክንፏን በምትዘረጋበት ቅጽበት፣
አንድ እግሬ በአየር ላይ፣ ዓይኔ እንደ ልማዱ ከመሬት፣
በዝናቡ ኩሬ ውስጥ፣ ከዓሣ ቅርፊት መሃል፣
አንድ ጭልፊት አየሁ፤
ክንፉን ሳያራግብ፣ ቀስ ብሎ ይዞራል።

እግሬ የሚያርፈው እዚያው ነበር፣ ኩሬው ላይ።
ጭኔ እየተንቀጠቀጠ ያዝኩት።
አክስት ዩ-ቺን «አውርደው» አለች።
«ትንሽ ቆዪ» አልኳት፤
«ገና አላለፈም።»