ላይ ቤትና ታች ቤት

ከጃንተከል ዋርካ ቁልቁል ሲወረድ፣
ከልብስ ሰፊው ጀርባ፣ ከጠባቡ መንገድ፣
አንዲት ቆርቆሮ ቤት፣ ጆንያ የለበሰ በር፣
አንድ ቴሌቪዥን፣ ሃያ አግዳሚ ወንበር።
መግቢያ ሃምሳ ሳንቲም። አየንበት ጠፈርን።
ጭልፊት የምትባል መርከብ ነበረችን፤
ክንፏ የተላጠ፣ ሞተሯ የሚያስል፣
ግን እንደ ንብ የምትበር በከዋክብት መሐል።
ሻለቃው ዝምተኛ፣ ብዙ አይናገርም፤
ከተናገረ ግን፦ «ለሰው ኮከብ አይጠፋም፣
ቤቱን የሚያሳየው።»
ይቺን ቃል ይዘን ነው ፈተና የወደቅን፣ ያለፍን፣
ይቺኑ ይዘን ነው ያገባን፣ የቀበርን።

ጋሽ ቢያድግልኝ ነበሩ በማይክ የሚተረጉሙልን።
ጠላት ሲፎክር ጉሮሯቸው ይሻክራል፣
ንግሥቲቱ ስታነባ ድምፃቸው ይሰበራል።
ሦስቱን ክፍል አየን። ሦስቱንም ደጋግመን።
መብራት ሲሄድብን የቀረውን እኛው ጨርሰን።

ስንት ዓመት አለፈ። ፀጉርም ከዳን፣ ጥርስም።
አራተኛው መጣ፤ ሳንጠግበው አምስተኛም።
በፍላሽ አስቀድተን፣ ከፒያሳ አምጥተን፣
በእንዳላማው ፀጉር ቤት በሩን ከውስጥ ዘግተን
አየነው።
ሻለቃው አርጅቷል። እጁ ይንቀጠቀጣል።
ጭልፊትን፣ ያቺን ጭልፊት፣ ለቁራሌው ይሸጣል።
በኪሎ።

እንዳላማው ተነሣ፣ በመቀስ እየጠቆመ፤
«እኔ የማውቀው ሻለቃ ያኔ ነው ያከተመ!
በሦስተኛው ክፍል፣ በድል፣ በክብሩ።
ከዚያ ወዲህ ያለው ንግድ ነው ነገሩ።
ሰው ያዳነችውን በቅሎ ይሸጣል ወይ?»

ውባንቺ፣ ያኔ በወንድሟ ኮት ተሸፍና የገባች፣
ዛሬ ባለ መድኃኒት ቤት፣ ሳቀች።
«ይሸጣል እንጂ! እኔን ጠይቀኝ፤
ስንቱ ቀለበቱን አውልቆ መጣልኝ፣
በስኳር መድኃኒት ለውጪኝ እያለኝ።
ሻለቃው ሰው የሆነው ገና አሁን ነው፣ ለእኔ በኩል፤
ያኔማ እንደ ደብረ ብርሃን ጣራ መልአክ፣ እዚያ ላይ የተሣል፣
ክንፍና ዓይን ብቻ። ሆድ የለው፣ ኪስ የለው።»

ፈንታሁን፣ ቅኔ ቤት ጀምሮ የተወው፦
«አንድም፦ ሸጣት ሲል አዳናት ማለት ነው፣ ከጦር።
አንድም፦ ራሱን ሸጠ፤ መርከቢቱ ሥጋው ነበር።
አንድም፦ ደራሲው የቤት ኪራይ ነበረበት፤ ይኸው ነው ምሥጢር።»

ሳቅን። ሳቁ ግን አላስታረቀንም።
ለልጄ ክርስትና እንዳላማው አልመጣም።
እንደ ጥንቱ ሊቃውንት ተከፈልን ለሁለት፦
ሦስቱ ብቻ ያለ ላይ ቤት፣ አምስቱም ያለ ታች ቤት።

በመጨረሻ ዳኛ ፍለጋ አዘዞ ወረድን።
የጋሽ ቢያድግልኝ ዓይን ደክሟል፤ በድምፃችን ለዩን።
«ቴሌቪዥኑስ?» አልናቸው። «ሸጥኩት» አሉ፣ «ድሮ ገና።
ልጅቱ ታማብኝ።» እንዳላማው ጣራ ጣራውን አየና
ምንም አላለም።

ክርክሩን ሰሙ፣ አገጫቸውን በበትር አስደግፈው።
«ልጆቼ፣ ልንገራችሁ፤ ቋንቋውን መች አውቀው!
ከንፈር እያየሁ ነበር የምፈጥር፣ የምቀጥል።
ያቺ የኮከቧ፣ የምትወዷት ቃል፣
እሱማ ‹ነዳጅ አለቀ› ነው ያለ ይመስለኛል።»

ዝም። ጓሮ አንድ ዶሮ ይጭራል።

ያን ጊዜ እንዳላማው፣ ማንም ሳይለምነው፣
ስልኩን አወጣና ድምፁን አጠፋው።
«ይኸው ጋሼ፣ ሻለቃው ከቁራሌው ደጅ ቆሟል፤
ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ምን ይላል?»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያው ሻካራ ድምፅ መጣ፦
«‹ውሰዳት፤ ግን ስትፈታት
ከክንፏ አትጀምር።
ታውቅብኛለች።›»

ስንመለስ በባጃጅ፣ ዓይናችን እንደ ቀላ፣
እንዳላማው ጀመረ፦ «እሳቸው አሳመሩት እንጂ፣ ፊልሙማ...»
«ያኔስ ፊልሙ ነበር እንዴ?» አለች ውባንቺ።
እስከ ማራኪ ተጨቃጨቅን።
ሾፌሩ፣ ጢም ያላበቀለ ልጅ፣ በመስተዋት አየን፦
«የጭልፊትን ነው? እኔ ከስድስተኛው ነው የጀመርኩት።»

«ስድስተኛም አለ?»