የኋላ ክብደት

አባቴ ሲሞት ለእኔ የደረሰኝ ውርስ
ቢጫ ላዳ ነበረች፣ በሯ ሲዘጋ የሚያለቅስ፤
ደግሞም አንድ ምክር፣ ሳል እያቋረጠው፣
መሪ የያዘ መስሎት ባዶ እጁን እያዞረው፦

«የዚች ላዳ ጉልበት ከኋላዋ ነው፣ ልጄ፤
ሠላሳ ክረምት ሙሉ አውቃታለሁ በእጄ።
የቀለለን ነገር መሬት አያከብርም፤
ያለ ሁለት ጆንያ አሸዋ ከግቢ አይወጣም።
በመንገድ ብትከዳሽ ፍሬን አትርገጪ፤
ኋላዋ ወደ ሸሸበት አዙሪና አብረሽ ሩጪ፤
የከዳሽን ተከተይ፣ ትንሽ፣ እስኪመለስ፤
በቁጣ ከጎተትሽው ቦይ ነው የሚያደርስ።»

ያን ማክሰኞ ግን ዳቦ ነው የጫንኩት፤
አሸዋውን አውርጄ ከደጅ አስቀመጥኩት።
ስድሳ ጥቁር ዳቦ፣ ፖርቶባጋሊዮው ሞልቶ፤
ላዳዋ ጠገበች እንጂ አልከበደችም ከቶ።
ከፒኔጋ ወንዝ ማዶ አሥራ ዘጠኝ ቤት፣ ሁሉም ጡረተኛ፣
ሦስት ቀን ደረቅ ብስኩት በሻይ ነክሮ የተኛ፣
መንገዱን በመጋረጃ ቀዳዳ ያያል።
መንገዱ ደግሞ ከላይ ዱቄት፣ ከሥር መስታወት ሆኗል።

ከድልድዩ ወዲያ ያለችው ዳገት
እንደታጠበ ሳህን ታበራለች፣ ፀሐይ በሌለበት።
በሁለተኛ ማርሽ፣ ቤንዚን በጭልፋ እየጨለፍኩ፣
ግማሽ መንገድ ሄጄ ወደ ድልድዩ ተመለስኩ።
አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ላይ
ጎማው ብቻ ሮጠ፣ እኔ አንድ ስንዝር ሳልለይ።

ያኔ ነው ትሮፊም ከወንዙ የወጣው፣
መቶ ሠላሳ ኪሎ፣ የበረዶ መሰርሰሪያ በትከሻው።
ስለ አንድ በርች ዛፍ፣ ከአጥሩ ወዲህ ነው ወዲያ በሚል፣
አሥራ አንድ ዓመት ሆኖናል እንደምን አደርክ ሳንባባል።

መስኮቱን አወረድኩ። ኩራቴም እንደ ጎማው ካለበት ሲሽከረከር፣
«ኋላዬ ቀሎብኛል» አልኩት፤ ያን ብቻ ቻልኩ ለመናገር።

እሱም አልመለሰ። በሩን ከፈተና፣
መሰርሰሪያውን ከጎኑ፣ ዓሣውን ከጭኑ አኖረና፣
ከኋላ ወንበር መሐል፣ ልክ ከጎማዎቹ በላይ፣ ተቀመጠ፤
ሞላዋ አቃሰተ፣ የአባቴ ላዳ ቂጧ ሰመጠ።

ወጣን። መሐል ላይ ስንደርስ ኋላዋ ከዳኝ፣ ወደ ቀኝ አዘመመ፤
እኔም ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ በመስታወቱ ውስጥ የትሮፊም ከንፈር ገጠመ።
«ሳቬሊ» አለ ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመሪው።
የአባቴ ስም ብቻ ነበር የአሥራ አንድ ዓመት ወሬው።

ጫፍ ላይ ወረደ። ዳቦ ዘረጋሁለት፤ አልወሰደም።
ስለ በርች ዛፉ ያኔም ከዚያም ወዲህ አልተነጋገርንም።
ነገር ግን ማክሰኞ፣ ሌሊቱን በረዶ የጣለ እንደሆነ፣
ከአጥሩ ወዲያ ኮቱን ቆልፎ ይቆማል፣ ጢሙ አመዳይ የሆነ።
እኔም ምንም ሳልል የኋላውን በር እከፍታለሁ።
አሸዋው እስከ ዛሬ ከደጅ ነው። ሁልጊዜ እረሳዋለሁ።