ዘጠኝ ጣት

ሌይዳ ሱቄ ገባች፣ ጠዋት ገና ሲነጋ፣
በረዶ ያከበደውን በር በትከሻ ገፋ አርጋ፣
የኤንዴልን ላፕቶፕ በሱፍ ሻርፕ ጠቅልላ፣
እንደ ታመመች ድመት ከብርዱ ከልላ።
ታርቱ ላይ ጥር ነው፤ ወንዙ ቆሞ ያድራል፣
ሰውም ቃል ቆጥቦ በትንሽ ይናገራል።
«ፎቶው ውስጡ አለ፤ እሱን አውጣልኝ፤
ሌላውን እንዳለ ሳትነካ ተውልኝ።»

ዕድሜው ሃያ ዓመት፣ ሚሞሪው ኩርማን ነው፣
ማራገቢያው ያስለዋል፣ ባትሪው ስም ብቻ ነው፤
ግን ገና ስጫነው፣ ሳልተነፍስ እንኳ፣
ተነሥቶ ጠበቀኝ፤ ቀላል ኖሯል ለካ!

ግራጫ ሜዳ። ሌላ ምንም የለም።
ሜኑ የለም፣ ሰዓት የለም፣ የሚጫኑት ሥዕል የለም።
የማውሱ ቀስት ብቻውን ይዞራል፣
መንገድ እንደ ጠፋው ውሻ በረዶ ላይ።

ዐይነቱን ዐውቃለሁ፦ መስኮት አስተዳዳሪ፣
ጌጥ የማይሸከም፣ በትንሽ ጉልበት አዳሪ፤
ክፈፉ የክር ያህል፣ ጥላ የለው፣ ቀለም የለው፣
አንድ ገጽ ትእዛዝ ነው፣ ባለቤቱ የጻፈው፦
የትኛው ቁልፍ ይክፈት፣ የትኛው ይዝጋ፣
የትኛው መስኮት ወደ የትኛው ጎን ይጠጋ።
እንግዲህ የሰው ቤት ገብቻለሁ በጨለማ፣
ማብሪያውን የሚያውቀው የለ፤ ብጠራው አይሰማ።

ዐሥር ጣቴን ዘርግቼ የማውቀውን ሁሉ
ብሞክር ብሞክር፣ ቁልፎቹ ዝም አሉ።

«ሥራው ምን ነበረ?»
                    «መስታወት ገጣሚ።
የባቡር ጣቢያውን፣ የሐኪም ቤቱን፣»
ቀና ብላ አየች፣ «የዚህን ሱቅ መስኮት።
አንድ ቀን አንድ ሉሕ ከእጁ አመለጠና
የግራ ሌባ ጣቱን መስታወት ሰረቀው።»
ይህን ብላ ሳቀች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ለካ ምስጢሩ እዚያ ነው! ለዐሥር ጣት የተሰፋ
ልብስ አልሆን ቢለው፣ ቁጭ ብሎ ተረተረና
በዘጠኝ ጣት ልክ ዳግመኛ ሰፋው።

ጓንቷን አወለቀች። ሌባ ጣቷን አጠፈች።
«ኮምፒዩተር አላውቅም፤ እጁን ግን ዐውቃለሁ፤
ሹራቤን ስሠራ ከጎኑ አየዋለሁ።»
ትንሿ ጣት እዚህ፣ አውራ ጣት እታች፣
ቀለበት ጣት ዘላ ከላይ አርፋ... ከፈተች።
አንድ መስኮት ሜዳውን ሞላ። ሌላ ስትጨምር
የፊተኛው ጠበብ ብሎ ቦታ ለቀቀለት፣
ሳይደራረቡ፣ ሳይገፋፉ፣
አግዳሚ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጡ ሁለት ሰዎች።

ፎቶዎቹ መስኮት ናቸው። ሁሉም። ሰው የለባቸውም።
ገጥሞ በጨረሰ ቁጥር አንድ አንድ አንሥቷል።
በአንዱ ላይ ግን፣ ጥጉ ላይ፣ ነጸብራቁ ውስጥ፣
መሰላል የያዘች ልጃገረድ አለች፣
ሽቅብ የምታይ።

ሌይዳ ብዙ ቆየች።
«ይቅር፣ አታውጣው፤ እዚያው ይቀመጥ፤
ባትሪውን ብቻ ለውጥ።»

ማታ ሱቄን ስዘጋ፣ ሌባ ጣቴን አጥፌ
በቀሩት ሞከርኩት፤ መክፈቻው ወደቀ፣
በረዶው ዋጠው። ጎንበስ ብዬ ስፈልግ
የመስኮቴን ስቱኮ ከግርጌው አየሁት፤
የአውራ ጣት አሻራ እስካሁን አለበት።